ከመጮህ በፊት መጠየቅ፦ ድንበር ተሻጋሪ አጋርነት ለሚገነቡ ወጣቶች የአሠራር መመሪያ

በሌላ አገር ያሉ እኩዮቻችሁ ግፍ ሲደርስባቸው በስልካችሁ ታያላችሁ። እንቅልፍ ይነሳችኋል። ቪዲዮውን ሼር ታደርጋላችሁ፣ አንድ ፊርማ ትፈርማላችሁ፣ ከዚያ ሌላ ዜና ይመጣል። እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች ግን ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ናቸው።

ይህ መመሪያ ከሼር ማድረግ አልፈው መሄድ ለሚፈልጉ ነው። አምስት ስድስት ሰው ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጽሕፈት ቤትም ሆነ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጠይቁ

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ደረጃ እንዳትዘሉ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1959 አፓርታይድ የተባለውን የዘር መድልዎ አገዛዝ ለመቃወም ለንደን ውስጥ የደቡብ አፍሪካን ምርት ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። ጥሪው የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪ የነበሩት አልበርት ሉቱሊና ጓዶቻቸው ናቸው ዓለም የአገራቸውን ዕቃ እንዳይገዛ የጠየቁት። ሉቱሊ ዘመቻው ጥቁሮችንም እንደሚጎዳ አልደበቁም። ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ ለመክፈል የወሰኑትም ራሳቸው ነበሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ባንግላዴሽ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ከዳካ ወጣ ብሎ የሚገኘው ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ተደረመሰ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ወደ ሥራ እንዲመለሱ ታዘዙ። በሀብታም አገሮች ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበው የባንግላዴሽ ልብስ መግዛት ማቆም ነው። እንደ ካልፖና አክተር ያሉ የአገሪቱ የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ግን ያንን አልፈለጉም። ፋብሪካው ከተዘጋ የሠራተኛው የእንጀራ ገመድ ይበጠሳል። እነሱ የጠየቁት ልብሱን የሚያሰፉት ኩባንያዎች በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት እንዲፈርሙ ነበር። በዚያው ዓመት ስምምነቱ ተፈረመ። ከ200 በላይ ኩባንያዎችም ገቡበት።

አያችሁት? በአንዱ ቦታ አትግዙ ተባለ፤ በሌላው ደግሞ መግዛታችሁን አታቁሙ፣ ግን አስገድዱልን ተባለ። ከሩቅ ሆኖ የትኛው እንደሚበጅ መገመት አይቻልም። መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

እኔ ራሴ የነበርኩበት አንድ ቡድን ይህን ሳያደርግ መግለጫ አውጥቶ ያውቃል። በሌላ አገር ለተባረሩ ተማሪዎች ጠንከር ያለ መግለጫ ጻፍን። ተማሪዎቹ በዚያው ሳምንት በሽማግሌ እየተነጋገሩ እንደነበር አላወቅንም። የእኛ መግለጫ የውጭ እጅ አለበት የሚል ወሬ አስነሳ፣ ንግግሩም ተቋረጠ። በኋላ ደውለው የነገሩን ያለ ቁጣ ነው፤ እሱ ነው የበለጠ ያመመኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን መልእክት ስትጽፉ ዕቅዳችሁን አትላኩ። ጥያቄ ላኩ። አራት ጥያቄ ይበቃል፦

- እኛ ከዚህ ሆነን ምን ብናደርግ ይጠቅማችኋል?
- ምን ብናደርግ ይጎዳችኋል?
- ስማችሁ፣ ፎቶአችሁ፣ ድምፃችሁ በአደባባይ ይውጣ ወይስ አይውጣ?
- ከእኛ ጋር እንዲነጋገር የምትወክሉት ማን ነው?

መልሱን ከአንድ ሰው ብቻ አትውሰዱ። የትም አገር ቢሆን ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ የለውም። ቢያንስ ሦስት ሰው አነጋግሩ፦ አንድ የማኅበር መሪ፣ አንድ ተራ አባል፣ አንድ በስደት ያለ ሰው። ስደተኛው በነፃነት ይናገራል፤ እውቀቱ ግን ከአገሩ በወጣበት ቀን ሊቆም ይችላል። እዚያው ያለው ሰው ወቅታዊውን ያውቃል፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ ሁሉን ላይናገር ይችላል። ሁለቱን አስተያዩ። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ሰው የሁሉ ወኪል ነው ብላችሁም አትሸወዱ። ብዙ ጊዜ በጣም የተጎዳው ሰው ያንን ቋንቋ አይናገርም።

ደረጃ 2፦ ከእናንተ እጅ እስከ እነሱ ደጅ የሚደርሰውን ክር ፈልጉ

እዚያ ያለውን መንግሥት ወይም አለቃ እናንተ አትደርሱበትም። አይሰማችሁምም። ግን በእናንተ በኩል የሚያልፍ አንድ ነገር ይኖራል። ዕቃ፣ ገንዘብ፣ ጭነት፣ መሣሪያ፣ የትምህርት ውል፣ የኳስ ጨዋታ። ሥራችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1984 ደብሊን ውስጥ ሜሪ ማኒንግ የምትባል የ21 ዓመት የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ግሬፕፍሩት አላስከፍልም አለች። የሠራተኛ ማኅበሯ ውሳኔ ነበር፤ እሷም አከበረችው። ከሥራ ታገደች። ጥቂት የሥራ ባልደረቦቿ ተከትለዋት ወጡ። አድማው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአየርላንድ መንግሥት ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዳይገባ ከለከለ።

እነዚህ ወጣቶች ሲጀምሩ ስለ አፓርታይድ ያን ያህል አያውቁም ነበር። ያስተማራቸው ኒምሮድ ሴጃኬ የሚባል፣ በስደት አየርላንድ የሚኖር ደቡብ አፍሪካዊ የሠራተኛ ማኅበር ታጋይ ነው። አድማው ላይ አብሯቸው ቆሞ አገሩን አስረዳቸው። ሁሉን አውቃችሁ እስክትጨርሱ መጠበቅ አይኖርባችሁም ማለት ነው። የሚያስተምራችሁን ሰው ማግኘትና ማዳመጥ ግን ግድ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ስኮትላንድ ኢስት ኪልብራይድ የሚገኙ የሮልስ ሮይስ ሠራተኞች የቺሊ አየር ኃይል የጦር አውሮፕላን ሞተሮችን አንጠግንም አሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1973፣ የቺሊ ጦር መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ነበር። ሞተሮቹ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ቺሊን ረግጠው አያውቁም። እጃቸው ላይ የነበረው ሞተር ነው፤ እሱን አልነካም አሉ።

ክሩን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ። ትልቅ ወረቀት ዘርጉ። በአንድ ጫፍ የእነሱን ችግር፣ በሌላው ጫፍ እናንተ በየቀኑ የምትነኩትን ጻፉ፦ የምትማሩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ገንዘብ የምታስቀምጡበት ባንክ፣ የምትለብሱት፣ የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ የምትመርጡት ምክር ቤት። ከዚያ በመካከል የሚያገናኘውን ፈልጉ። በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ያወጣሉ። አንዳንድ የልብስ ኩባንያዎች የሚያሰፉባቸውን ፋብሪካዎች ስም ዝርዝር በድረ ገጻቸው ይለጥፋሉ። ብዙ አገር የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ፤ ጥያቄ በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። እዚያ ያሉት ወዳጆቻችሁ ደግሞ ከውስጥ የሚያዩትን ያቀብላችኋል። ራና ፕላዛ ሲደረመስ የትኞቹ ኩባንያዎች እዚያ ያሰፉ እንደነበር ለማረጋገጥ ተሟጋቾች ከፍርስራሹ ውስጥ የልብስ መለያ ጨርቆችን ለቅመዋል። ያ ቁራጭ ጨርቅ ነው ሩቅ አገር ያለውን ባለሱቅ ከሟቹ ሠራተኛ ጋር ያገናኘው።

ብዙ ክር ካገኛችሁ አንዱን ምረጡ። መምረጫው ይህ ነው፦ በመጨረሻ የሚወስነው ሰው ስም አለው? ያ ሰው እናንተን ለመስማት ምክንያት አለው? ሁለቱንም አዎ ካላችሁ ጀምሩ። አንዱን አይ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ በአንድ ገጽ ተስማሙ

ረጅም መተዳደሪያ ደንብ አትጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ጥያቄያችን ምንድን ነው፣ በስማችን መግለጫ ማን ያወጣል፣ አንድ ወገን አቁሙ ሲል ምን ይደረጋል፣ ገንዘብ ከመጣ ማን ይይዛል። በተለይ ሦስተኛውን አጥብቃችሁ ጻፉ። አደጋው ያለበት ወገን አቁሙ ካለ ወዲያው ይቆማል፤ ምክንያቱ ነገ ይጠየቃል። ገጹን በሁለቱም ቋንቋ አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ቋንቋና ሰዓት

ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ነው።

ስብሰባው ሁልጊዜ ለአንዱ ወገን ማታ፣ ለሌላው ሌሊት ከሆነ ሌሊት የሚነሱት ቀስ በቀስ ይቀራሉ። ሰዓቱን እያፈራረቃችሁ አድርጉ፤ አንድ ወር እናንተ ተነሱ፣ በሚቀጥለው እነሱ። ግብዣ ስትልኩ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ጻፉና ከጎኑ የየአገሩን ሰዓት አክሉ። ወሩንም በስሙ ጻፉ፤ 5/6 ብትሉ አንዱ አገር ጁን 5፣ ሌላው ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል።

ለትርጉም ጊዜ መድቡ። ተናጋሪው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ቆም ይበል፤ አስተርጓሚው ይቀጥል። የአንድ ሰዓት ስብሰባ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ያንን አስቀድማችሁ አስሉት። አስተርጓሚው ከእናንተው መካከል ከሆነ በዚያ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ አትጠብቁ። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መሥራት አይቻልም። ሥራው ድካም ነውና ቢቻል ክፈሉት፣ ካልተቻለ ተለዋወጡ።

እንደ አጋርነት፣ ፍትሕ፣ ማኅበረሰብ ያሉ ቃላት ከቋንቋ ቋንቋ ክብደታቸው ይለያያል። አንድ ቃል እናንተ ዘንድ ሰላማዊ ሆኖ እዚያ የፓርቲ መፈክር ሊሆን ይችላል። አሥር አሥራ አምስት ቃል የያዘ የጋራ መዝገብ አዘጋጁ። እየተከራከራችሁ ሙሉት። ክርክሩ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

ኢንተርኔት ውድ ወይም ደካማ የሆነበት ወዳጅ ካላችሁ ቪዲዮ ጥሪ አታስገድዱት። የድምፅ መልእክትና አጭር ጽሑፍ ይሻለዋል። የመጓዝ ዕድል ከመጣ ደግሞ መሰብሰቢያውን የምትመርጡት ፓስፖርቱ ደካማ በሆነው ሰው ነው። እሱ ቪዛ የሚያገኝበት አገር የትኛው ነው? ከዚያ ጀምሩ። አለበለዚያ ስለ እነሱ የሚነገርበት፣ እነሱ ግን የሌሉበት አዳራሽ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የሰው ሕይወት በእጃችሁ ነው

እናንተ በፎቶ ትወደሳላችሁ፤ እነሱ በዚያው ፎቶ ሊታሰሩ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አትርሱ።

ስለ መልእክት መላኪያ እንነጋገር። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻትና ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አይደለም። ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው እንዲያ የሚሆነው፤ እሱም ለሁለት ሰው ነው። ዋትስአፕ መልእክቱን ይመሰጥራል፤ ነገር ግን መጠባበቂያ ቅጂው እንዲመሰጠር ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ሲግናል ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሻለ ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ደብቃችሁ በመጠሪያ ስም ብቻ መገናኘት ትችላላችሁ፤ መልእክቶች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዲጠፉም ማድረግ ይቻላል። አብሩት። ይሁንና የትኛውም መተግበሪያ ስልኩ የተከፈተ ሰው እጅ ላይ ከወደቀ አይጠብቃችሁም። ስልኩን በጣት አሻራ ሳይሆን ረዘም ባለ የይለፍ ቁጥር ቆልፉ። አካውንት ሁሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። በአንዳንድ አገር ደግሞ መተግበሪያው ስልክ ላይ መገኘቱ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል። ስለዚህ እዚያ ያለውን ሰው ሳትጠይቁ ይህን ጫን አትበሉት።

ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ፊት። ማደብዘዝ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሸፍኑት። ሁለተኛ፣ ጀርባው። የሱቅ ምልክት፣ የመኪና ታርጋ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቦታውን ይናገራል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀው መረጃ። ካሜራው ቀንና ቦታ ሊመዘግብ ይችላል። የፎቶውን ስክሪንሾት አንስታችሁ እሱን ብትጠቀሙ አብዛኛው ይጠፋል።

ፈቃድ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ዛሬ ስሜ ይውጣ ያለች ልጅ ከወር በኋላ ሁኔታው ሊቀየርባት ይችላል። ከመለጠፍ በፊት እንደገና ጠይቁ። አውርዱልኝ ካለች ያለ ክርክር አውርዱ።

አስቀድማችሁ የምትነጋገሩበት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይከብዳል፣ ግን ግድ ነው። ከእነሱ አንዱ ቢታሰር ምን እናድርግ? አንዳንድ ቤተሰብ ወዲያው ይጮህልን ይላል። አንዳንዱ ጠበቃው እስኪናገር ዝም በሉ ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የጠበቃውን ስም በሰላሙ ጊዜ አስቀምጡ። በጭንቀት ሰዓት የሚፈለግ ቁጥር አይገኝም።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ

ገንዘብ ወዳጅነትን ያጠናክራል፣ ያፈርሳልም። ከመሰብሰባችሁ በፊት እዚያ አገር ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ በሕግ እንዴት እንደሚታይ ጠይቁ። ለምሳሌ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ከውጭ ገንዘብ ተቀብለው በፖለቲካ ይሳተፋሉ የተባሉ ድርጅቶች የውጭ ወኪል ተብለው እንዲመዘገቡ አስገድዳለች። እንዲህ ባለ ቦታ በቅን ልብ የተላከ ትንሽ ገንዘብ ተቀባዩን ሊያስጠይቅ ይችላል። አደጋ ካለ አትላኩ። በምትኩ ለትርጉም፣ ለጠበቃ ምክር፣ ለኅትመት እናንተው በአገራችሁ ክፈሉ።

የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ የተገለጠ ይሁን። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ናይጄሪያ ውስጥ ሳርስ የሚባለውን የፖሊስ ክፍል የሚቃወም የወጣቶች ሰልፍ ሲቀጣጠል፣ ፌሚኒስት ኮአሊሽን የተባለ የወጣት ሴቶች ስብስብ ለሕክምና፣ ለጠበቃና ለምግብ ገንዘብ አሰባሰበ። የገባውንና የወጣውን በአደባባይ ይናገሩ ነበር። የባንክ መንገዱ ሲዘጋባቸው በቢትኮይን ተቀበሉ። ሰው ያመናቸው ሒሳቡን ስላየ ነው። እናንተም ሁለት ሰው ሳይፈርም ገንዘብ አይውጣ፤ በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ለሁለቱም ወገን ይድረስ። የተቀባዮችን ስም ግን በአደባባይ አታውጡ።

ደረጃ 7፦ በአንድ ቀን፣ በየራሳችሁ ደጅ

የጋራ ድርጊት ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ሰልፍ መውጣት የለበትም። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 ከ100 በላይ አገሮች ያሉ ተማሪዎች ለአየር ንብረት ሲሉ ከክፍል ወጡ። ቀኑ አንድ ነበር። ጥያቄው ግን እንደየአገሩ ነበር፤ አንዱ ጋ ስለ ከሰል ማዕድን፣ ሌላው ጋ ስለ ውኃ።

እናንተም እንዲሁ። እዚህ ሰልፍ ይቻላል፣ እዚያ ላይቻል ይችላል። እዚያ ያሉት ሻማ ያብሩ፣ መጽሐፍ ያንብቡ፣ ወይም ምንም አያድርጉ። ምንም አለማድረግም የእነሱ ውሳኔ ነው። ከቀኑ ሁለት ሳምንት በፊት መግለጫውን ልካችሁ አስነብቡ፤ ከአንድ ቀን በፊት በድጋሚ ደውሉ። መድረክ ካለ የመጀመሪያው ድምፅ የእነሱ ይሁን፤ ካልቻሉ የላኩት ጽሑፍ ቃል ሳይቀነስ ይነበብ።

ደረጃ 8፦ መልሳችሁ ንገሩ

ብዙ ቡድን ከድርጊቱ በኋላ ፎቶ ለጥፎ ይበተናል። እዚያ ማዶ ያሉት ምን እንደተደረገላቸው ሳይሰሙ ይቀራሉ።

ስለ ኢስት ኪልብራይድ ሠራተኞች ቅድም ነግሬአችሁ ነበር። ሞተሮቹን አልነካም ካሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ሌሊት ሞተሮቹ ከግቢው ተወሰዱ። ሠራተኞቹ ያደረጉት ነገር አንዳች ጥቅም ይኑረው አይኑረው ሳያውቁ አሥርት ዓመታት አለፉ። ቺሊ ውስጥ ወሬው መሰማቱን ያወቁት ካረጁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቺሊ መንግሥት ከእነሱ መካከል ሦስቱን ሸለመ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ደብዳቤ ቢደርሳቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ድርጊቱ ባለቀ በሳምንት ውስጥ አጭር ሪፖርት ላኩ። ምን አደረግን፣ ስንት ሰው መጣ፣ ማን ምን መለሰልን፣ ምን አልተሳካም። ያልተሳካውን አትደብቁ። ከዚያ እናንተ ጠይቁ፦ እዚያ ምን ተሰማ? የጎዳችሁ ነገር አለ? መልሱን ቀን ጨምራችሁ በሚቆለፍ ቦታ አስቀምጡ።

በየወገኑ ግንኙነቱን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ወጣት ይመረቃል፣ ሥራ ይቀይራል፣ ይደክማል፣ አገር ይለቃል። አንዱ ሲወጣ ተተኪውን በጥሪ ላይ ያስተዋውቅ፣ አንድ ወር አብረው ይሥሩ። ከመሰነባበታችሁ በፊት ደግሞ የሚቀጥለውን ጥሪ ቀን ቁረጡ። አጀንዳ ባይኖርም ቁረጡ። ደህና ናችሁ ወይ ለማለት ብቻ ቢሆንም ደውሉ።